ባለቤት የሌለው ውሻ ባለቤት ማን ነው?

(ለንባብ፦ ዘፀ. 21፡28-29፤ ዘዳ. 22፡1-3፤ ዮና. 4፡10-11)



በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጠርዝ፣ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ማለዳ የሚያልፍ ሰው በየሕንፃው ሥር የተኮለኮሉ ውሾችን ሳያይ አያልፍም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያለውም ከዚህ አይለይም። ቀን በቆሻሻ ማጠራቀሚያው ዙሪያ ይውላሉ፤ ሌሊት በመንጋ ሆነው ይጮኻሉ። ወደ ቅዳሴ የሚገሠግሡ እናቶች በትር ይዘው ይወጣሉ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን መንገዱን ይለውጣል። እኛም በስብሰባ ላይ ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር «ባለቤት የሌላቸው ውሾች» እያልን እንጠራቸዋለን። መፍትሔውንም ከአንድ መሥሪያ ቤት እንጠብቃለን።

ዛሬ አብረን ልንመረምረው የሚገባን ይህንኑ ስም ነው። በእግዚአብሔር ፊት ባለቤት የሌለው ፍጥረት የለምና። በሰው ዘንድም ቢሆን እነዚህ እንስሳት ባለቤት ያልነበራቸው ሳይሆኑ ባለቤታቸው የተዋቸው ናቸው። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት የኅሊና ጉዳይ ነው። ባለቤት የሌለው ነገር ተጠያቂ የለውም፤ የተተወ ነገር ግን የተወው አለ።

ከየት መጡ?

አንዳንድ ሰው እነዚህ ውሾች ከዱር የመጡ ይመስለዋል። ውሻ ግን ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር የኖረ፣ ሰው ባለበት እንጂ ሰው በሌለበት የማይረባ እንስሳ ነው። የከተማው ዳርቻ እየሰፋ የገበሬው ማሳ ወደ ግንባታ ሲለወጥ፣ ግቢና ከብት ይጠብቅ የነበረው ውሻ ጌታው ሲነሣ በስፍራው ይቀራል። ሕንፃው በሚሠራበት ጊዜ ብረቱንና ሲሚንቶውን የሚጠብቁ ዘበኞች ለሌሊቱ አጋዥ እንዲሆኑ ቡችሎችን አምጥተው ያሳድጋሉ፤ ግንባታው አልቆ ዘበኛው ሲሰናበት ግን ስለ ውሻው የሚያስብ አይኖርም። ግቢ ካለው ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወረ ቤተሰብም አራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ ማኖር ሲያቅተው በሩን ከፍቶ ይለቀዋል።

ከዚህም የሚብሰው በሴት ቡችሎች ላይ የምንፈጽመው ነው። ወንዱ ለጥበቃ ይፈለጋል፤ ሴቷ ግን ትወልድብናለች ተብላ ዐይኗን ሳትገልጥ በማዳበሪያ ከረጢት ታስራ ከመንገድ ዳር ወይም ከወንዝ አፋፍ ትጣላለች። ከተጣሉት መካከል የምትተርፈው አድጋ በተራዋ ትወልዳለች። እንግዲህ «ውሻ በዛብን» እያልን የምናማርርበት መንጋ አንድ በአንድ ከየቤታችን የወጣ ነው።

የባለቤቱ ሕግ

ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ሰውን ወግቶ ስለ ገደለ በሬ የተጻፈ ሕግ አለ። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ ካልነበረ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ፣ ለጠፋው ነፍስ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ሕጉ እንስሳውን ብቻ ቀጥቶ አያልፍም፤ እያወቀ ችላ ያለውን ሰው ይፈልጋል።

ይህን ሕግ ወደ ዘመናችን እናምጣው። በብዙ በሮቻችን ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ያንን የለጠፈ ሰው እንስሳው ሊጎዳ እንደሚችል ማወቁን በገዛ እጁ መስክሯል። ይኸው ሰው ውሻውን ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አስሮ ያውላል፤ ቁጣው እንዲበረታ ብሎ ይህንኑ እንደ ብልኃት ይቈጥረዋል፤ ሲመሽ ወደ ጎዳና ይለቀዋል፤ ክትባት አላስከተበውም። ውሻው የጎረቤትን ልጅ በነከሰ ማግስት ግን «የእኔ አይደለም፣ ዝም ብሎ በር ላይ የሚተኛ ነው» ይላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዚህ ጊዜ ይፈርድበታል፤ ውሻው በበላበት ቤት ደጃፍ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ አድሯልና። ይህ ክህደት በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር ነው፤ በኑዛዜም ሊነገር የሚገባው ኃጢአት ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን የእብድ ውሻ በሽታን እናስብ። በሽታው በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1903 እንደተከሰተ በታሪክ ተመዝግቧል፤ ዛሬም ከሀገራችን አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ። ከሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ የእስያና የአፍሪካ ድኾች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ከመቶው 99 እጁ የሚመጣው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን በክትባት ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 እብድ ውሻ የነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ይህ ዕውቀት በሰው እጅ ነው። ጉለሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሕዝባችን እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ሽማግሌዎቻችንም በዚያ ከበግ አንጎል የተዘጋጀውን ክትባት ለብዙ ቀናት በሆዳቸው ላይ ይወጉ እንደነበር አይዘነጉም። ይህ ሁሉ ዕውቀት እያለ ውሻውን ሳያስከትብ የቀረ ባለቤት፣ ኦሪት «ተነግሮት ያልጠበቀ» ከሚለው ሰው የሚለይበት ነገር የለም።

የመንገደኛው ሕግ

ሁለተኛው ሕግ የሚገኘው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ነው። ሰው የወንድሙን በሬ ወይም በግ ጠፍቶ ሲባዝን ቢያገኝ እንዳላየ ሆኖ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ መመለስ አለበት። ባለቤቱ ሩቅ ቢሆን ወይም ባይታወቅ እንስሳውን ወደ ቤቱ ወስዶ እስኪፈለግ ድረስ ያቆየዋል። በዘፀአት 23 ደግሞ ይህ ግዴታ ለጠላት እንስሳም ጭምር ተዘርግቷል። ልብ እንበል፤ ሕጉ መንገደኛውን «አንተ ነህ ያጠፋኸው» አይለውም። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆንም ያየው ሰው ግዴታ አለበት ይላል።

የእኛ ልማድ ግን ከዚህ የራቀ ነው። ሕፃናት ውሻ ባዩ ቁጥር ድንጋይ ያነሣሉ፤ ትልልቆችም እያዩ ይስቃሉ። መኪና የገጨው ውሻ ከአስፋልቱ ዳር ሲያጣጥር ይውላል፤ የሚያነሣው ቀርቶ ሥቃዩን የሚያሳጥርለት የእንስሳት ሐኪም የሚጠራ የለም። «ውሻ ርኩስ ነው» የሚለውንም ቃል ለጭካኔያችን መጋረጃ እናደርገዋለን። ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባቱ የመቅደሱን ክብር የሚጠብቅ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ በደጅ ያለውን ፍጥረት በድንጋይ ለመፍጨት የተሰጠ ፈቃድ ግን አይደለም።

በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ውሻ በብዙ ስፍራ የመናቅ ምሳሌ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፈ ጦቢትን እናንብብ። ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻው ተከትሎታል፤ ሲመለሱም አብሮ ነበረ። ጸሐፊው ይህን የጻፈው በመንፈስ ቅዱስ ተመርቶ ነውና ከንቱ ጌጥ ነው አንበል። መልአክ አብሮት የሚጓዝ ቤተሰብ ከውሻው ጋር መንገድ መሄድን አላፈረበትም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ደግሞ በባለጸጋው ደጅ የወደቀውን አልዓዛርን ሰው ሁሉ አልፎት ሲሄድ ወደ እርሱ የቀረቡት ውሾች ነበሩ። መጽሐፈ ምሳሌም በ12፡10 ላይ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ያስተምራል፤ ይህን የጽድቅ ምልክት አድርጎ ቈጥሮታል።

የከተማው ሕግ

ሦስተኛው ትምህርት ለከተማና ለአስተዳዳሪዎቿ ነው። ነቢዩ ዮናስ ነነዌ ስላልጠፋች ባዘነ ጊዜ እግዚአብሔር ለምሕረቱ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰለት በከተማይቱ ያሉትን ብዙ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ እንስሶቿንም ጭምር ነው። ከተማ በእግዚአብሔር ፊት ስትመዘን እንስሶቿ አብረው ይቈጠራሉ ማለት ነው።

በከተሞቻችን ለረጅም ዘመን የተለመደው የውሻ መቈጣጠሪያ መንገድ መርዝ ነው። ስትሪክኒን የተባለው መርዝ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት በየመንገዱ ይጣላል፤ ጠዋት ሬሳው ይሰበሰባል። በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ፣ የኢትዮጵያ ሚሌኒየም በዓል ሲቃረብ፣ በአዲስ አበባ ይኸው ጉዳይ መነጋገሪያ ሆኖ እንደነበር የምናስታውስ እናስታውሳለን። መርዙ የሚገድለው ጡንቻን አኮማትሮ፣ ሰውነትን እያንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻም ትንፋሽን አግዶ ነው፤ እንስሳው እስከ መጨረሻው ራሱን አይስትም። ሳይነሣ የቀረውን ሬሳ የበላ ጅብና ጥንብ አንሣም በዚያው መርዝ ሊሞት ይችላል። የተወሰደው ሥጋ በሕፃናት መጫወቻ ስፍራ ወድቆ ሊገኝም ይችላል።

ሥጋውን የሚጥለውን የቀን ሠራተኛ አንኰንን። እርሱ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ትእዛዙም የመጣው እኛ «አስወግዱልን» ብለን ስላመለከትን ነው። በስማችን የሚሠራው ሥራ የእኛ ነው።

ደግሞስ መርዙ የታሰበለትን ግብ ይመታልን? የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ከብዙ ሀገሮች ልምድ ተነሥተው የሚመክሩት ሌላ ነው። ውሾችን በጅምላ መግደል የእብድ ውሻ በሽታን አያጠፋም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ምግብ የሚሆነው ቆሻሻ በስፍራው እስካለ ድረስ የሞቱት ቦታ ባዶ አይቀርም፤ የተረፉት ይራባሉ፤ ከሌላ ሰፈርም ይመጣሉ። ክትባት የወሰደውም ካልወሰደው ጋር አብሮ ይሞታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ውሻው ግን የሸገርንና የአዲስ አበባን ወሰን አያውቅም። በአንዱ ወገን የሚደረግ ዘመቻ ሌላውን ወገን አያሳርፍም።

በሽታውን የሚያቋርጠው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው 70 ያህሉን በየጊዜው መከተብ ነው። ለዚህ ደግሞ ምሳሌ ፍለጋ ከሀገር መውጣት አያስፈልገንም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ የሀገራችን ብርቅዬ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተላልፎበት በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛው ያህል አለቁ። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ሠራተኞች ከዚያም በፊት ጀምሮ መፍትሔ ያደረጉት በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ውሾች መከተብ ነው። ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ቀበሮዎቹንም ከተቡ። የእረኛው ልጅ፣ ውሻውና ቀበሮው በአንድ መርፌ ይጠበቃሉ።

«ሰው እያለ ለውሻ?»

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ይህን እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። የተፈናቀለ ሕዝብ፣ ኪራይ ያቃተው ቤተሰብ፣ በጎዳና የሚያድር ሕፃን ባለበት ሀገር ስለ ውሻ መስበክ ተገቢ ነውን? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም መልስ ሰጥታበታለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከቁጥር 2415 እስከ 2418 ሁለቱንም ወገን ያስጠነቅቃል። በአንድ በኩል፣ እንስሳትን ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ነው ይላል። በሌላ በኩል፣ የሰውን ችግር ለማቃለል ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳ ማፍሰስ፣ ለሰው ብቻ የሚገባውንም ፍቅር ለእንስሳ መስጠት ተገቢ አይደለም ይላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የድኾች ጩኸትና የምድር ጩኸት ተነጣጥለው እንደማይሰሙ አስተምረዋል።

በእኛ ጉዳይ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ውሻ የሚነክሰው በመኪና የሚሄደውን አይደለም፤ በእግሩ የሚሄደውን ተማሪ፣ ቆሻሻ የሚለቅመውን ልጅ፣ ሌሊት የሚጠብቀውን ዘበኛ ነው። አንድን ውሻ ለመከተብ የሚወጣው ገንዘብ የተነከሰን ሰው ለማከም ከሚያስፈልገው እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ውሻውን የሚያስከትብ ሰው ከድኻው ልጅ ነጥቆ ለውሻ አልሰጠም፤ ለድኻው ልጅ ሰጠ እንጂ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ውሻ ያለን ሁሉ ስም እንስጠው፣ በአንገቱም ምልክት እናድርግ፤ በየዓመቱም እናስከትበው። በየወረዳው ያለውን የእንስሳት ሐኪም እንጠይቅ። መመገብና መጠበቅ የማንችል ከሆነ ደግሞ ቀድሞውኑ አናምጣ።

ሁለተኛ፣ ሊጠበቅ የማይችል ልደት እንዳይኖር እንከላከል። ወንዱን ማኮላሸት፣ ሴቷንም እንዳትወልድ በቀዶ ሕክምና ማድረግ ዐይኑን ያልገለጠ ቡችላ ከመጣል እጅግ የተሻለ ነው። የሰፈር ቡችላ ሊያሳድግ የሚፈልግ ጎረቤት ሲኖርም ከገበያ ከመግዛት ይልቅ ከተጣሉት መካከል እንዲወስድ እንምከረው።

ሦስተኛ፣ በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ምእመናን ጉዳዩን በነዋሪዎች ማኅበርና በእድር አንሡት። የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ክዳን ይኑረው፤ በየሕንፃው ሥር የለመዱትን ጥቂት ውሾች ነዋሪው በጋራ ኃላፊነት ወስዶ ያስከትብ፣ ይመግብ። ለማመልከቻ ስትሄዱም «አስወግዱልን» በማለት ፈንታ «ከትቡልን» በሉ። ያበደ ወይም ሊድን የማይችል እንስሳ መወገዱ የማይቀር ሲሆን፣ በባለሙያ እጅና ያለ ሥቃይ ይሁን።

አራተኛ፣ ልጆቻችንን እናስተምር። ከውሻ ፊት እንዳይሮጡ፣ የሚበላና የምታጠባ ውሻ እንዳይነኩ፣ ድንጋይ እንዳይወረውሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተነከሱ ቅጣት ፈርተው እንዳይደብቁ እንንገራቸው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠበው፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሥር ማሽና ቅጠል በመቀመም ጊዜ የጠፋባቸው ነፍሳት ብዙ ናቸው። ጸሎትና ጠበል ለሚታመም ሁሉ የተገቡ ናቸው፤ ነገር ግን እግዚአብሔር በሐኪም እጅ ያዘጋጀውን ክትባት መናቅ እምነት አይባልም።

አምስተኛ፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28፣ ማለትም መስከረም 18 ቀን ይውላል፤ ከስድስት ቀን በኋላም፣ መስከረም 24፣ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በዓል ነው። በቁምስናዎቻችን ያሉ የወጣቶች ማኅበራት በዚያ ሳምንት ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ተነጋግረው የክትባት ቀን ቢያዘጋጁ፣ በበዓሉም ካህኑ እንስሳቱን ከነባለቤቶቻቸው ቢባርክ፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ መልካም ምስክርነት ይሆናል።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ ቃል ኪዳኑን የገባው ለኖኅና ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ከመርከቡ ለወጣው ሕያው ፍጥረት ሁሉ ነው (ዘፍ. 9፡9-10)። በቃል ኪዳኑ ውስጥ የገባውን ፍጥረት «ባለቤት የሌለው» ብለን ልንጠራው አንችልም። በበራችን የተኛው ውሻ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የምንሰጠው መልስ ስለ ውሻው ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችንም ይናገራል።

ሁሉን የፈጠረ፣ ድንቢጥንም የማይረሳ እግዚአብሔር አብ፣ ለተሰጠን ሁሉ የታመንን መጋቢዎች ያድርገን፤ ሕፃናቶቻችንን ከክፉ በሽታ፣ ልባችንንም ከጭካኔ ይጠብቅልን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፣ አሜን።